ቀድማ የማትደረግ ምልክት

መስከረም 20

ለእቴቴ፣

ሰላምታዬ ካንገት በላይ እንዳልሆነ ስለምታውቂ አላበዛውም። ጉልበትሽን፣ ዓይንሽን፣ የስፌት መኪናሽንም ጭምር እንዴት ሰነበታችሁ ብያለሁ። መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ደብዳቤሽን አንብቤ ቁጭ አልኩና ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ ትምህርት ቤቱ አዲስ የዩኒፎርም ቀለም ስታሚ ቆይተሽ፣ አራተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ስትደርሺ "በነገራችን ላይ የልቤ በር በደንብ አይዘጋም አሉኝ" ትያለሽ? እንዲህ ያለ ነገር በነገራችን ላይ ይባላል?

ደውዬ እንዳልጮህብሽ ደግሞ ያንን ጆሮሽን የስፌት መኪና ጨርሶታል። እኔና አንቺ በስልክ ስናወራ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፣ አንቺ ብቻ አትሰሚም። ስለዚህ በወረቀት ልጩህብሽ።

ሥራዬ በትክክል ምን እንደሆነ መጠየቅሽ ገርሞኛል። እስከዛሬ ለጎረቤት "ኮምፒውተር ላይ ናት" ብለሽ ነው የምታልፊው። ቢሮዬ ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ ከልብስ ማጠቢያው በላይ ስለሆነ የሳሙና እንፋሎት እየታጠንን ነው የምንሠራው። በሽተኛ አላክምም። እንዳንቺ የልባቸው በር የደከመ ብዙ ሰዎች እዚህ ታክመዋል፤ ገሚሱ ኦፕራሲዮን ሆኗል፣ ገሚሱ በኪኒን ቆይቷል። እኔ የእነሱን መረጃ ሶፍትዌር ውስጥ አስገብቼ የትኞቹ ረዘም ያለ ዕድሜ እንዳገኙ አያለሁ። ኮክስ የሚባል፣ የሁለት ሕክምናዎችን የመሞት አደጋ የሚያነጻጽር የስሌት ሞዴል አለ፤ አንድ መስመር ኮድ ጽፈሽ ታስኬጂዋለሽ።

የሚከብደው ሰዎቹን መቁጠሩ ነው። አንዳንዱ መሞቱ ይታወቃል። አንዳንዱ ግን አገር ቀይሮ፣ ወይም ተሽሎት፣ ወይም ሰልችቶት መምጣት ያቆማል። ጀማሪ ሰው እንዲህ ያሉትን ወይ አውጥቶ ይጥላቸዋል ወይ እንደ ሞቱ ይቆጥራቸዋል፤ ሁለቱም ግፍ ነው። ሶፍትዌሩ ከቁጥራቸው አጠገብ ትንሽ የፕላስ ምልክት ያደርግላቸዋል። "እስከዚህ ቀን በሕይወት ነበሩ፣ ከዚያ ወዲያ አላውቅም" ማለቱ ነው። ከሥራዬ ሁሉ የምወዳት ነገር እሷ ናት።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። "አንቺ ብትሆኚ የቱን ትመርጫለሽ" ብለሻል። ትናንት ሞዴሉን አስኬድኩት። ኦፕራሲዮን የሆኑት የመሞት አደጋቸው ኪኒን ከሚወስዱት አንድ ነጥብ አራት እጥፍ ሆኖ ወጣ። ዕድሜና ሌላ ሌላውን በሽታም አስገብቼበታለሁ። እንግዲህ እኔ ብሆን ኪኒኑን እመርጥ ነበር።

እናቴ ከሞተች በኋላ ቁጥር ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽ፤ የቁልፉን ጣሳ ምንጣፉ ላይ ዘርግፈሽ "ባለ ሁለት ቀዳዳውን ወዲህ፣ ባለ አራቱን ወዲያ" እያልሽ። የምበላው እንጀራ ከዚያ ጣሳ የወጣ ነው። ዛሬ ለአንቺ ብቆጥርበት ሲያንስ ነው።

ልጅሽ

---

ጥቅምት 3

ለቆጣሪዬ፣

ደህና ነኝ። አየሽ፣ የዛሬውን ከላይ አስቀደምኩት፤ አራተኛ ገጽ ላይ ደበቀችው ብለሽ እንዳትከሺኝ።

ሳትጠይቂኝ ልመልስ፦ አዎ፣ እበላለሁ። አይ፣ ጨርቅ ተሸክሜ ደረጃ አልወጣም፤ ጎረቤቴ ብስክሌት ጠጋኙ ነው የሚያወጣልኝ። ረስተሽው እንደሆነ፣ ያ ሬዲዮ የምንለው ነው። ያው ነው፣ አልተዘጋም። አንድ ጣቃ ጨርቅ አምጥቶ ለማስቀመጥ የአማቱን የሕይወት ታሪክ ይጨርሳል።

ስለ ሐኪሜ ልንገርሽ። ገና ጢሙ ያልጠነከረ ልጅ ነው፣ እጁ ግን ንጹሕና የረጋ ነው፤ ጥሩ ስፌት ይወጣው ነበር። ደብዳቤሽን ይዤለት ሄድኩ። "የኔ ልጅ ኮምፒውተር ኪኒን ይሻላል ብሏል፣ የኦፕራሲዮን ተራዬን ለሌላ ሰው ስጡልኝ" አልኩት። ደብዳቤሽን አጣጥፎ መለሰልኝና "እርስዎ ካሉ" አለኝ። አነጋገሩ ደስ አላለኝም፤ ግን ልጄን ትቼ ማንን ልመን? ወጥቼ በእግሬ ቤቴ ገባሁ። ቢላ ከማየት ገላገልሽኝ፣ እግዜር ይስጥሽ። እዚህ ሰፈር ስንት ልጅ ያሳደገ አለ፤ በሰው ልብ ጉዳይ የምትጠየቅ ልጅ ያሳደግኩት ግን እኔ ነኝ።

ስለ ሌላው ሁሉ ግማሹ አልገባኝም። ያቺን ምልክትሽን ግን ወደድኳት። እኛም እኮ አለችን፤ ቁልፍ የሚተከልበት ቦታ ላይ በጠመኔ የምናደርጋት እሷው ናት። ሰዎችሽ መምጣት ስላቆሙ ብቻ እንደ ሞቱ አለመቆጠራቸው ደስ ብሎኛል። ከእንግዲህ እኔም ደብዳቤዬን በእሷ እዘጋለሁ። ስታያት "እስከዚህ ቀን አለች፣ ከዚያ ወዲያ አላውቅም" በይ።

አክስትሽ
+

---

ጥቅምት 11

እቴቴ፣

ሰላምታውን ከታች ታገኚዋለሽ። መጀመሪያ ይህን አንብቢ፦ ሐኪሙ ጋ ተመለሺና ተራሽን ጠይቂ።

ተሳስቻለሁ። ሞዴሉን ትናንት ለአለቃዬ አሳየሁት። እኛ "እርግጠኛ-ነሽ" የምንለው ሽማግሌ ነው፤ ሰላም ስትይው እንኳን እርግጠኛ ነሽ የሚል ይመስላል። ወረቀቱን አየና "ይሄ አንድ ነጥብ አራት ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት መሆኑን አይተሻል?" አለኝ። አላየሁም። የሚታየው በአንዲት መስመር ኮድ ነው፤ ያቺን መስመር ሳልጽፋት ነው ለአንቺ ደብዳቤ የጻፍኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹን ዩኒፎርሞች የነገርሽኝን ታስታውሻለሽ? የትንሹን ልጅ የወረቀት ቅድ ይዘሽ ሁሉንም ቦታ በአንድ ልክ አሳድገሽ ለትልቁ ልጅ ሰፋሽ፤ ቁመቱ ልክ መጣ፣ ትከሻው ግን ሁለት ሰው ያስገባ ነበር። ሰው ከላይ እስከ ታች እኩል አያድግም አልሽኝ። ይሄ ሞዴልም በሁለቱ ሕክምናዎች መካከል ያለው የአደጋ ልዩነት ሁልጊዜ በአንድ ልክ ነው ብሎ ይነሳል። እንዲያ ካልሆነ የሚሰጥሽ ቁጥር የማንም ልክ አይደለም።

መስመሯን ጻፍኳት። እንዲያ አልነበረም። ግራፉን ሳወጣው በሕይወት የቆዩትን የሚያሳዩት ሁለቱ መስመሮች እርስ በርስ ተቋረጡ፤ የኦፕራሲዮኑ መጀመሪያ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከዚያ ይረጋና የኪኒኑ አልፎት ይወርዳል። ስለዚህ ጊዜውን ከሁለት ቆርጬ እንደገና አስኬድኩት። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ኦፕራሲዮን የሆኑት አደጋቸው ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ከሦስት ወር በኋላ ግን ኪኒን ከሚወስዱት ግማሹን አይሞላም፤ ለዓመታት እንዲያው ነው። ኪኒኑ ዛሬን ያሳልፋል፣ በሩን ግን አይጠግነውም።

ለአለቃዬ ሳላጣራ የማላሳየውን ነገር ለአንቺ ላክሁ። ቸኩዬልሽ ነው። አንቺ ስትሆኚ በመርፌ ሳላስይዝ ሰፋሁት። ይቅርታ አድርጊልኝ እያልኩ አልለምንሽም፤ ተራሽን ብቻ ጠይቂ፣ ከዚያ እንደፈለግሽ ትቆጪኛለሽ።

አንድ ነገር ግን አልዋሽሽም። አንቺ ከሦስት ወሩ ወዲህ ትሁኚ ወዲያ ሞዴሉ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ስለ ብዙ ሰው ነው፤ ስለ አንቺ አንድም ነገር አያውቅም።

እንዴት ነሽ እቴቴ? ጉልበትሽስ? የትኛው ነው የሚያምሽ፣ ግራው ነው ቀኙ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና አይደለሁም፣ ግን ደህና ነኝ።

ልጅሽ

---

ጥቅምት 20

ለቆጣሪዬ፣

ሰላምታሽን ከታች አግኝቼዋለሁ። ከእኔ ዘንድ ግን ከላይም ከታችም ይድረስሽ።

አይ፣ አልተቆጣሁም። ምን ያስቆጣኛል? ሰባት ዓመትሽ ላይ ጠማማ የሰፋሽውን "ፍቺና መልሺ" ስልሽ ከጠረጴዛው ሥር ገብተሽ ታለቅሺ ነበር። ክሩን የምፈታው እኔ ነበርኩ፣ አንቺ አፍንጫሽን ትጠርጊያለሽ። አሁን የሰፋሽውን ራስሽ ፈታሽ፣ ያውም ለሰው ከሰጠሽው በኋላ። ለሰው ከሰጡ በኋላ መፍታት ምን ያህል እንደሚያሳፍር እኔን ጠይቂኝ። እንኳን ጻፍሽልኝ። ያንን ደብዳቤ ሳነብ በአንቺ የኮራሁትን ያህል በመጀመሪያው አልኮራሁም።

ትከሻው ሁለት ሰው ያስገባው ልጅ አሁን ሹፌር ነው። እስካሁን ባየኝ ቁጥር ትከሻውን እያራገበ ያሾፍብኛል። ስለዚህ ሞዴልሽ በደንብ ገብቶኛል።

ፈርተሻል ወይ ሳትዪኝ ልንገርሽ፣ አዎ፣ ፈርቻለሁ። ሞትን እንዳይመስልሽ። ለሞት እንደማንኛውም ሰው ተራዬን እጠብቃለሁ። የፈራሁት ያንን ሦስት ወር ነው፤ አንቺ ያንን ግራፍ ፊት ለፊትሽ አስቀምጠሽ የምትቀመጪውን ነገር ነው። አውቅሻለሁ፣ ከመስመሩ ላይ ዓይንሽን አታነሺም፣ ምግብም አትበይም።

ተራዬን ጠይቄአለሁ። "እናያለን" ብለውኛል። ወረፋው ረጅም ነው፣ ስለዚህ እንዳትመጪ። ስለ ሞዴሉ የምትጽፊውን የምርምር ጽሑፍ ሳትጨርሺ ብትመጪ ከበር እመልስሻለሁ። እርግጠኛ-ነሽ ለተባሉት ሰውዬ ሰላምታዬን አድርሺ። አንድ ኮት ልሰፋላቸው እወዳለሁ፣ ልካቸውን በዘዴ ውሰጂልኝ።

አክስትሽ
+

---

ኅዳር 18

ለቆጣሪዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጥያቄሽን ሁሉ አይቻለሁ፣ ለሁሉም መልሱ ደህና ነው።

ዩኒፎርሙን እየሰፋሁ ነው። ቀለሙን እየለመድኩት መጥቻለሁ፣ ሰው የማይለምደው ነገር የለም። ጠዋት ጠዋት ብርድ አለ፤ ሬዲዮ ግን ብርድ አላስቆመውም፣ ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ ያላፊ አግዳሚውን ጆሮ ይበላል። ምግብ ተስማምቶኛል። እንቅልፍም እንደዚያው።

ሐኪሞቹ ስለ ተራው ገና ምንም አላሉም። ሲሉ እነግርሻለሁ። አንቺ ሥራሽን ሥሪ።

አክስትሽ

---

ኅዳር 29

ለእቴቴ፣

ደብዳቤሽ በሰላም ደርሶኛል፣ ደህንነትሽን በማንበቤ ደስ ብሎኛል። ግን እኮ እቴቴ፣ ከሁለቱ የትኛው ጉልበት ነው የሚያምሽ ብዬ ብጠይቅሽ "መልሱ ደህና ነው" አልሽኝ። ጉልበትሽ ስሙን ቀየረ እንዴ?

ስለ ኮቱ ለአለቃዬ ነገርኩት። ከኪሱ ሜትር አውጥቶ ራሱ ለካና ቁጥሩን አስያዘኝ፤ ከዚያ ተመልሶ እንደገና ለካ። እርግጠኛ ለመሆን ነው። ቁጥሮቹን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ጽሑፋችንን ሁለት ቁጥር አድርገን እየጻፍነው ነው፤ አንድ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት፣ አንድ ለቀሪው። "ይሄ በአንድ ቁጥር ወጥቶ ቢሆን ስንት ሰው ተራውን ይለቅ ነበር" አለኝ። አንዷን አውቃታለሁ አልኩት።

ያልቆጣሽኝን ቁጣ አሁንም እየጠበቅኩ ነው። አንቺ ግን አመሰገንሽኝ። እንዴት እንደምከፍልሽ አላውቅም፤ እስከዚያ ድረስ ስለ ተራው የሰማሽውን ሁሉ ጻፊልኝ፣ ትንሽም ብትሆን።

ልጅሽ

---

ታኅሣሥ 22

ለቆጣሪዬ፣

ጤናዬ መልካም ነው። ዩኒፎርሙን ጨርሼ አስረክቤአለሁ፤ ልጆቹ ለብሰው ሲያልፉ ከመስኮቴ ሆኜ አያቸዋለሁ፣ ያምርባቸዋል። ስለ ተራው እስካሁን የሰማሁት የለም። በሥራ ብዛት አጭር ከጻፍኩ አትቀየሚኝ። ካልሲሽን አድርጊ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው።

ሁልጊዜም የምኮራብሽ፣

አክስትሽ

---

ጥር 24

እቴቴ፣

ምልክቷ የታለች?

መጀመሪያ አላስተዋልኩም ነበር። "ያ ሰው እስከ ስንት ቀን ታየ" እያልኩ ከፕላስ ጋር የምውል ሰው፣ የራሴን ሰው አላስተዋልኩም። ዛሬ ደብዳቤዎችሽን ጠረጴዛዬ ላይ ደረደርኳቸው። የጥቅምቶቹ ሁለቱም ምልክት አላቸው። የኅዳሩ የለውም። የታኅሣሡም የለውም። እንደገና ሳያቸው ደግሞ ጽሑፉ በጥቁር ቀለም ነው፣ ቀኑ ብቻ በሰማያዊ፤ የሁለት ቁጥርሽም አጻጻፍ እንደዚያ አይደለም። የጠየቅኩሽን አንዱንም አልመለስሽም። አለቃዬ ሁለቴ የተለካበትን ኮት ሳትጠይቂ ታልፊያለሽ? አንቺ?

ለሬዲዮ ደወልኩ። "ደህና ናት" አለኝና ዘጋው። ሬዲዮ! ሰላምታ ለመመለስ ብቻ ምሳ ሰዓት የሚያሳልፍ ሰው በሁለት ቃል ዘጋብኝ።

እቴቴ፣ የደበቅሽኝ ነገር እንዳለ ገብቶኛል። ምን እንደሆነም የገባኝ ይመስለኛል። ይህን ደብዳቤ የምታነቢው አንቺ ከሆንሽ፣ ሳልነግርሽ ቀርቼ እንዳይቆጨኝ ልንገርሽ። እናቴን ሳጣ ጎድሎብኛል ብዬ የማላውቀው በአንቺ ነው። ሰው ሁሉ ልጅነቱን ሲያወራ እኔ የማወራው የአንቺን ጠረጴዛ ነው። ሥራዬን እወደዋለሁ፣ ቤቴን እወደዋለሁ፣ ሁሉም የመጣው አንቺ ሥር ከተቀመጥኩበት ቦታ ነው። አመሰግንሻለሁ። ይህን ብዙ ጊዜ ልልሽ ይገባ ነበር።

ለየካቲት ሁለተኛው ቅዳሜ የአውቶቡስ ቲኬት ቆርጫለሁ፤ ከዚያ በፊት ፈቃድ አላገኘሁም። ከበር ብትመልሺኝም እመጣለሁ። በር ላይ ሆነሽ ብትመልሺኝ ምንኛ ደስ ባለኝ።

ልጅሽ

---

ጥር 30

ለቆጣሪዬ፣

ምልክቷ ከታች አለች። መጀመሪያ እሷን አይተሽ ተመለሺ፣ እጠብቅሻለሁ።

አየሻት? እንግዲህ ተቀመጪና አንብቢ። እጄ ገና አልበረታም፣ ጽሑፉ እንደ ጀማሪ ስፌት ቢጣመም አትሳቂ።

ኦፕራሲዮኑ የተደረገልኝ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። ሁለተኛው ደብዳቤሽ በደረሰኝ በዚያው ቀን ሐኪሙ ጋ ሄድኩ። ተራዬን ለማንም አልሰጠውም ነበር፤ "ኮምፒውተሩ ሐሳቡን ይቀይር ይሆናል ብዬ ነው" አለኝ። ጢሙ ባይጠነክርም ተንኮል ያውቃል። "እናያለን ብለውኛል" ብዬ የጻፍኩልሽ እንዳትመጪ ብዬ ነው።

ሦስት ወር ብለሽኛል፤ ይኸው ሞላ። ልንገራት ብዬ ብዕር አነሳሁና አሰብኩት። ብነግርሽ ያን ሁሉ ጊዜ ከእኔ ጋር ትሞቺ ነበር። እኔ አንዴ ልፍራው፣ እሷ አትፍራው፣ ከመስመሩ ማዶ ስደርስ እነግራታለሁ አልኩ። ከመግባቴ በፊት ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩና ለሬዲዮ ሰጠሁት፤ ቀን ቀኑን እየሞላህ ፖስታ ቤት አድርስ፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል ብዬ። የቀለሙን ነገር አላሰበውም፣ ሞኝ ነው። ምስጢሩን ግን ጠበቀ። ይህን ሁሉ ጊዜ አፉን ይዞ ሊፈነዳ ነበር፤ ስትደውዪለት ሦስተኛ ቃል ብጨምር ያመልጠኛል ብሎ ነው የዘጋብሽ። ትናንት "በቃ ተናገር" ብዬ ፈቀድኩለት፣ እስካሁን አልጨረሰም።

ቀላል ነበር ብዬ አልዋሽሽም። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ትኩሳት ይዞኝ የምለውን አላውቅም ነበር። ያ የሚወርደው መስመርሽ እውነቱን ነው። ያኔ ትዝ ይለኝ የነበረው ግን "ከዚያ በኋላ ይረጋል" ያልሽው ነው። ሐኪሙ ትሻያለሽ ሲለኝ የሐኪም ወግ ነው እላለሁ። አንቺ ግን አንዴ ተሳስተሽ፣ ተሳስቻለሁ ብለሽ የጻፍሽ ሰው ስለሆንሽ አመንኩሽ። ባትፈቺው ኖሮ ኪኒኔን እየቆረጠምኩ ደህና ነኝ እያልኩ አልቅ ነበር። አመሰግናለሁ ልጄ። ሐኪሙንም አመሰግናለሁ፣ እርግጠኛ-ነሽንም አመሰግናለሁ። ሬዲዮን እንኳን።

አሁን ስለ ምልክቷ። እነዚያን ሁለት ደብዳቤዎች ስጽፍ ሁሉንም ነገር ዋሽቻለሁ። ምግብ ተስማምቶኛል ብያለሁ፣ እንቅልፍ አለኝ ብያለሁ፣ ያልሰፋሁትን ዩኒፎርም አስረክቤአለሁ። ምንም አልከበደኝም፤ ስምሽን ስጽፍማ ጭራሽ ቀለለኝ። መጨረሻ ላይ ብዕሩን ለምልክቷ ዝቅ ሳደርገው ግን እጄ እምቢ አለኝ። "እስከዚህ ቀን አለች" ማለት እኮ ነው። ደብዳቤው በሚደርስሽ ቀን እኖር አልኖር ምን አውቄ? ሌላው ውሸት የእኔ ውሸት ነው፤ እሷን ብዋሽ ግን ያንቺን ሥራ መዋሸት መሰለኝ። ደግሞ ቁልፍ የሚተከልበት ቦታ ላይ ሰው ልብሱን ሳይለብስ በጠመኔ ምልክት አናደርግም፤ ለብሶ ፊታችን ሲቆም ነው። ስለዚህ ባዶውን ተውኩት። አታስተውልም ብዬ ነበር። ሞኟስ እኔ ነኝ።

ቲኬቱን እንዳትመልሺው። ያን ቅዳሜ በሩ ላይ እቆማለሁ፣ ቀስ ብዬ ነው የምቆመው፣ ብቻ እቆማለሁ። ጉልበቴ ግራው ነው። የሰውዬው ኮት ተቆርጦ ተቀምጧል፣ ክር በመርፌ ማስገባት ግን ዓይኔ እምቢ ብሏል፤ ስትመጪ ታስገቢልኛለሽ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ፣ በገዛ እጄ፣

አክስትሽ
+